ተሳቢው ሲቀድም

ስፓኒሽ የጀመርኩት በሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ አላስፈለገኝምም። አማርኛ መጻፍ ያስተማረኝ የለም፤ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም፤ በጽሕፈት መኪና በአሥር ጣት መምታትን ያሳየኝ የለም። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርት ቤት የተውኩ ሰው ነኝ። ሆኖም ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ አርባ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ወረቀቴን ያነበቡ ሁሉ ጠበቃ የጻፈው ይመስላቸው ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ነገሩ የመጣው በትልቋ ልጄ በኩል ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቷንና እኔን አስቀምጣ ስፔናዊ ልታገባ መሆኑን ነገረችን። ሰውየው መሐንዲስ ነው፤ የሚሠራው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ከተጋቡም በኋላ የሚኖሩት እዚሁ ነው። ስፓኒሹን ከእሱ ለምዳዋለች። እናቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። የአገራችንን ወግ ሲነግሯቸው፣ ሽማግሌ የሚላክ ከሆነ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ እመጣለሁ አሉ። የሚመጡት ከጥምቀት በኋላ ነው። ጊዜው ገና መስከረም ነበር።

ልጄ ነገሩን ሁሉ አስባ ጨርሳለች። እሳቸው በስፓኒሽ ይናገራሉ፣ እሷ ትተረጉማለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ እሷ መልሳ ትተረጉማለች። እስክትጨርስ ሰማኋት። ከዚያ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው በእኔ አፍ ሲናገር ኖሯል፤ ባሏ የበደላትም፣ ቦታው የተነጠቀበትም፣ ደመወዙ የቀረበትም ቃሉን ከእኔ ነው የተዋሰው፤ እንግዲህ ልጄን በሚጠይቁኝ ቀን ቃል ከሌላ ሰው የምዋስበት ምክንያት አይታየኝም አልኳት። በስፓኒሽ እመልሳለሁ።

ሚስቴ ከጓዳ ሆና ሰማችኝ። "በአማርኛ የጀመርከውን ገና አልጨረስክም እኮ" አለች። እኔ ስናገር ማቆሚያ እንደሌለኝ የምታስወራው እሷ ናት።

በማግሥቱ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ሽፋኑ የወለቀ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የስፓኒሽ ሰዋስው ገዛሁ። ሰላምታው፣ ቁጥሩ፣ የቀኖቹ ስም በሁለት ሳምንት አለቀ። ልጄ የድምፅ አጠራሩን ከስልክ እንድሰማ ቪዲዮ ፈልጋ ጫነችልኝ። በስልኩ ላይ የምታስተምረው ሴት ሩጫ ላይ ያለች ይመስል ትናገራለች፤ እኔ ግን ደጋግሜ እያስቆምኩ እንደ ልቤ አናገርኳት። ጥቅምት ሳይገባ ዳቦ መግዛት፣ መንገድ መጠየቅና ስለ ጤናዬ ማስረዳት ቻልኩ። በልደታ ማንም እንዲህ በፍጥነት የተማረ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ስለ ተሳቢ ተውላጠ ስም የሚያወራው ምዕራፍ መጣ።

ምዕራፉን ስከፍተው ፈገግ አልኩ። ይህ የእኔ እንጀራ ነበር። በእኛ ቋንቋ ተሳቢው የሚኖረው በግሱ ጅራት ላይ ነው፤ በዚያች ጅራት የተነሳ ስንት ሰው ሲፈረድበትና ሲፈረድለት አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ሌላ ጸሐፊ የጻፈላቸውን ማመልከቻ ይዘው መጡ፤ ፍርድ ቤት አልገባንም ብሏቸው ነው የተመለሱት። አነበብኩት። የእንጀራ ልጃቸውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ጸሐፊው ግን "አሳደግሁት" የሚለውን "አሳደገኝ" ብሎታል። በወረቀቱ መሠረት የሦስት ዓመት ልጅ የአርባ ዓመት ሴት አሳድጓል። ሁለት ፊደል አስተካክዬ ሰጠኋቸው፤ ሳቁ፤ ሄዱ፤ ተሰሙ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ስፓኒሽ በተሳቢ አያስፈራራውም ብዬ ነበር።

አስፈራራኝ። መጀመሪያ ቦታው ነው ግራ ያጋባኝ። እኛ "አየሁት" ስንል "ት"ን ከኋላ እናስከትላታለን፤ የጭነት መኪና ተሳቢውን እንደሚጎትት ማለት ነው። እነሱ ግን ተሳቢውን ከመኪናው ፊት ያስቀድሙታል። "ሎ ቤዮ" ማለት "አየዋለሁ" ነው፤ "ሎ" እሱ ነው፣ "ቤዮ" ማየቱ ነው። እሷ ከሆነች "ላ ቤዮ"፤ እነሱ ከሆኑ "ሎስ"፣ ሁሉም ሴቶች ከሆኑ "ላስ"። አራት ትንንሽ ቃላት ናቸው። ሆኖም አፌ ሰባ ዓመት ከኋላ ማስከተል ለምዶ ከፊት አላስቀድምም አለኝ። ግሱን ካወጣሁ በኋላ ነው "ሎ" ትዝ የሚለኝ።

ሁለተኛው ችግር ዕቃው ነው። እኛ ጠረጴዛን "እሱ" እንላለን፤ ስንወደው ወይም ትንሽ ሲሆን "እሷ" እንለዋለን፤ እንደ ሆዳችን ነው። እነሱ ዘንድ ሆድ አይጠየቅም። ጠረጴዛ ሴት ናት፣ ቁልፍ ሴት ናት፣ በር ሴት ናት፣ መጽሐፍ ወንድ ነው፤ አለቀ። ቁልፌን አጣሁት ለማለት "ላ" ማለት አለብኝ፤ ቁልፏን ብወዳትም ባልወዳትም።

ስለዚህ ሥርዓት አወጣሁ። ከቤቴ ከጌጃ ሰፈር እስከ ሥራ ቦታዬ በእግሬ ስሄድ ያየሁትን ሁሉ እየጠራሁ "አየዋለሁ፣ አያታለሁ" እላለሁ። የብረታ ብረት ቤቱን በር አያታለሁ። የተደረደረውን ወንበር አያታለሁ። ውሻውን አየዋለሁ። ጉልበቴ ባመመኝ ቀን በታክሲ ስሄድም አላቋረጥኩም። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ብዙ ካየች በኋላ፣ "አባቴ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። የስፔን ተሳቢ እየተለማመድኩ ነው አልኳት። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች፤ መውረጃዋ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

በኅዳር መጨረሻ አፌ ተገራ። "ሎ"ም "ላ"ም ሳልጠራቸው ቀድመው ይመጡ ጀመር። ይህን ጊዜ ነው ልጄ ከሰውየው እናት ጋር በስልክ በምስል ያገናኘችኝ። መለማመጃ ይሁንህ አለችኝ። እኔ መለማመጃ እንደማያስፈልገኝ ነግሬያት ካፖርቴን ለብሼ ተቀመጥኩ።

ሴትዮዋ በስልኩ ውስጥ ታዩ፤ ነጭ ፀጉር፣ መነጽር፣ ከኋላቸው መጋረጃ። ሰላምታው በደንብ አለፈ። ከዚያ በደንብ እንደማያቸው መንገር ፈለግሁ። "አይዎታለሁ" ልል ነው እንግዲህ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ላከብራቸው ይገባል፤ አክብሮት ደግሞ በእኛ ዘንድ አንዱን እንደ ብዙ መጥራት ነው። መጡ፣ ተቀመጡ፣ አየኋቸው። ሴት ናቸው፤ ስለዚህ የሴት ብዙ። ምንም ሳልጠራጠር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ላስ ቤዮ ሙይ ቢየን" አልኳቸው።

ሴትዮዋ ወደ ኋላቸው ዞሩ። መጋረጃውን አዩ። ከዚያ ወደ ግራ አዩ። ልጄ ስልኩን እንደያዘች ትከሻዋ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ "እናንተን ሴቶቹን በደንብ አያችኋለሁ" ብያቸው ኖሯል፤ እሳቸውም የትኞቹ ሌሎች ሴቶች ቤታቸው እንደገቡ እየፈለጉ ነው።

ልጄ ስታስረዳኝ፣ አንዲትን ትልቅ ሴት አክብሮ ለማናገር "ላ" ነው የሚባለው አለች።

"አያታለሁ?" አልኳት። "ፊት ለፊት? ለአማትሽ?"

"ስፓኒሽ እንደዚያ ነው፣ አባዬ።"

ሦስት ቀን አልዋጥልህ አለኝ። ነጭ ፀጉር ያላቸውን ሴት እንደ ሠፈር ልጅ "አያታለሁ" ማለት ስድብ ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን እያዩ "አንቺ" ማለት እነሱንም ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ሁለታችንም ዞር እንላለን፤ እኛ ብዙ ሰው ወዳለበት እንዞራለን፣ እነሱ ስለ ሌላ ሴት የሚያወሩ መስለው ይናገራሉ። እፍረቱ አንድ ነው፤ የዞርንበት አቅጣጫ ነው የተለየው። ይህን በመጽሐፉ ውስጥ ፈለግሁት፤ የለም። ስፓኒሽ የሚያስተምሩ ሰዎች ያላዩትን ነገር ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ አየሁት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ኃይሌን ለዋናው ዓረፍተ ነገር ሰጠሁ። ሽማግሌዎቹ ልጅዎን ይስጡን ሲሉ የምመልሰው መልስ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ተሳቢ አንድ ላይ የሚሄዱበት ክፍል አለ፤ የእኛ ግስ አንድ ተሳቢ ብቻ ነው ጭራው ላይ የሚይዘው፣ የእነሱ ሁለት ያስቀድማል። "ሴ ላ ዶይ" ይላል። "ሴ" ለእርስዎ፣ "ላ" እሷን፣ "ዶይ" እሰጣለሁ። እሷን እሰጥዎታለሁ። ሦስት አጫጭር ቃላት፣ እንደ ማኅተም። ጢሜን ስላጭ እላለሁ፣ ጫማዬን ሳስር እላለሁ። ከእኔ ጎን የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ወዳጄ፣ አንተ ሰው ዶሮ ልትሰጥ ነው ወይስ ልጅ፣ ምነው እንዲህ አጠረ ብሎኛል። ማጠሩ ነው ውበቱ አልኩት።

ከጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀር ልጄ ጠዋት መስተዋት ፊት ስለማመድ ሰማችኝ። በሩ ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ 'ላ' ማን ናት?"

"አንቺ ነሻ።"

"የዓረፍተ ነገሩ ባለቤትስ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ተሳቢ፣ አንተ ባለቤት።"

ሰዋስው ነው አልኳት። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

"በሰዋስውም ቢሆን አልሳብም" አለች። "ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የመረጥኩት እኔ ነኝ። እኔን ከዚህ አንስተህ እዚያ የምታስቀምጠኝ ከሆነ፣ በእሳቸው ፊት በስፓኒሽ አስተባብልሃለሁ። የእኔ ስፓኒሽ ደግሞ ከአንተ ይሻላል።"

ጢሜ በግማሽ እንደ ተላጨ ቀረሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት። የአራት ወር ልፋቴ ነው፤ እንኳን ለስፔኗ እናት ለማንም ሊባል የሚችል ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ሚስቴ፣ ሰውዬው አኮረፈ፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳኮረፈ ግን አላውቅም እያለች ለጎረቤት አወራች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ሰው ማመልከቻ ሊያጽፍ መጣ። እንደ ሁልጊዜው የመጀመሪያ ጥያቄዬን ጠየቅሁት። ማን ነው ያደረገው? ሰው ሲናደድ "ተደረገብኝ፣ ተወሰደብኝ" ይላል፤ እኔ ግን ባለቤቱ ሳይታወቅ አንድ መስመር አልጽፍም። ድርጊቱን ላልፈጸመው ሰው የሰጠ ማመልከቻ ቆንጆ ቢሆንም ውሸት ነው፤ ከዳኛ ፊት አይቆምም። ሰውየው መልሱን ሲያስብ እኔ የራሴን ጉዳይ አሰብኩ። በዚህ ጋብቻ ማን ምን አደረገ? እኔ ሰጠሁ ወይ? መሐንዲሱን ያገኘችው እሷ ናት። ሦስት ዓመት ያወቀችው እሷ ናት። እኔ እሑድ ቀን ተቀምጬ ሰማሁ እንጂ ምንም አልሰጠሁም። በአርባ ዓመት ውስጥ በሐሰት ባለቤት የጻፍኩት ማመልከቻ የለም፤ በልጄ አልጀምርም።

የዚያኑ ዕለት "ሴ ላ ዶይ"ን ሰረዝኩ። አዲሱን ጻፍኩ፤ "ኤያ ሎ አ ኤሌኺዶ። ዮ ሎ ሬሲቦ።" እሷ መረጠችው፤ እኔ እቀበለዋለሁ። አሁን ተሳቢው እሱ ሆነ፤ ቁመቱ ከእኔ በክንድ የሚበልጠው መሐንዲስ። ለልጄ ግን አልነገርኳትም። አሸነፍኩ ብላ እንዳታስብ ነው፤ የቀየርኩት በራሴ ምክንያት ነውና።

ቀኑ ደረሰ። እናቲቱ፣ ልጃቸውና ከመሥሪያ ቤቱ የመጡ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ገቡ። ወጉን አጥንተዋል። ተቀመጡ ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሁለቱ ሰዎች በአማርኛ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። እናቲቱ አልተቀመጡም፤ የቀኝ ጉልበታቸው እንደ እኔው የታመመ መሆኑን በያዙት ዱላ ላይ ካዘነበለው ትከሻቸው አየሁ። እንግዲህ የእኔ ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ነው የሚቆሙት።

ልጄ ለመተርጎም ተዘጋጅታ ከጎኔ ነበረች፤ የምለውን ግን አታውቅም። እጇን በእጇ ይዛለች።

ተነሣሁ። መጀመሪያ ሴትዮዋን ተቀበልኳቸው፤ "ላ ሬሲቦ ኮን አሌግሪያ" አልኩ፣ በደስታ እቀበላታለሁ። "ላ"ዋ አሁንም ስለከበደችኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ነው ያልኳት። ወደ ኋላቸው አልዞሩም። ከዚያ ዋናውን ጀመርኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን "ሴ" ነው። ከወር በላይ አንድ ነገር የደጋገመ አፍ የለመደውን ያመጣል። ልጄ ቀና አለች። ቆምኩ።  ሴትዮዋ ዱላውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

"ኤያ ሎ አ ኤሌኺዶ። ዮ ሎ ሬሲቦ።"

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እጇን ለቀቀች፤ ለክፍሉ ሁሉ በአማርኛ "እኔ መረጥኩት፤ አባቴ ተቀበለው" አለች። እናቷ እልል አለች።

ተቀመጡ አልኳቸው። ሁሉም ተቀመጡ፣ ሴትዮዋ ሲቀሩ። ቆመው እያዩኝ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ፈጣን ነበር፣ አምልጦኝ ሄደ። ልጄ አፏን ስትከፍት እጄን አነሣሁ። አስተርጓሚ አልፈልግም ብያለሁ፤ አልፈልግም። ቀስ ብለው አንድ ጊዜ እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው።

"ሜ ሎ ኩይዳራ ኡስቴድ?"

አንድ በአንድ አነሣሁት። "ኩይዳራ" መጠበቅ ነው። "ሎ" እሱን። "ሜ" ለእኔ። "ኡስቴድ" እርስዎ። ይጠብቁልኛል? ያኔ ነው ፊታቸውን በደንብ ያየሁት። ስንት ወር ሙሉ የሚጠየቀው እኔ፣ የሚሰጠው እኔ፣ የሚሳሳው እኔ መስሎኝ ኖሬያለሁ። የእኔ ልጅ ብታገባም ከእኔ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት ላይ ነው የምትኖረው። እሳቸው ግን አንድ ልጃቸውን እኔ ዘንድ ትተው በሳምንቱ ሊሳፈሩ ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በልምምዴ ውስጥ አልነበረም። በመጽሐፉም የለም፤ በስልኩም የለም። ሆኖም እንደ እኔ የለፋ ሰው መልስ አያጣም።

"ሴ ሎ ኩይዶ" አልኳቸው።

 ከዚያ ተቀመጡ፤ ዱላቸውን ልጃቸው ተቀበላቸው።

ሚስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ምን አሉህ አለችኝ።

"ልጄን ይጠብቁልኛል ወይ አሉኝ።"

"አንተስ?"

"እጠብቅልዎታለሁ አልኳቸው።"

 ሚስቴ ተነሥታ ሳህን አመጣችና ከሁሉ አስቀድማ ለመሐንዲሱ አቀረበችለት።